ቤተ መቅደስ በቤተ መቅደስ ሆድ፦ ባለ ሁለት ፊት የአዝቴክ ደንጀን ታይል አሠራር

ደንጀን በጠረጴዛ ላይ በሚደረግ የምናብ ጨዋታ ተጫዋቾቹ እየዞሩ የሚፈትሹት ቤት ነው፤ ታይል ደግሞ የቤቱ ካርታ የሚገጣጠምበት አንድ ቁራጭ ካርቶን ነው። የአዝቴክ ደንጀን ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሥለው ፒራሚድ ነው። ቀጥሎ በፒራሚዱ ሆድ ውስጥ ኮሪደሩን፣ ክፍሉንና ወጥመዱን ይደረድራል። እኔም የመጀመሪያውን ስብስብ የሠራሁት እንዲሁ ነበር። 14 ታይል ሥዬ፣ አሳትሜና ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው የሜሺካዎች ፒራሚድ ባዶ ቤት አለመሆኑን ያወቅሁት። ሜሺካ ማለት አዝቴክ የምንላቸው ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። የፒራሚዳቸው ውስጥ በድንጋይና በጭቃ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ነው። መቅደሱ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ ሰው ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

ግን ውስጡ ሌላ ነገር አለ፤ ሌላ ፒራሚድ። በዋና ከተማቸው በቴኖችቲትላን፣ ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ በቆመችበት ቦታ፣ የነበረው ታላቁ ቤተ መቅደስ ሰባት የግንባታ ዘመን አለው። አዲሱ ሲሠራ አሮጌው አይፈርስም። እንዳለ ይቀበርና አዲሱ እንደ ካባ ይደረብበታል። ስፔናውያን እ.ኤ.አ. በ1521 ከተማዋን ይዘው ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱ ያገኙት የውጭውን ነው፤ የውስጦቹ ተቀብረው ስለነበር ተረፉ። ከ1978 ጀምሮ በተደረገው ቁፋሮ በ1390 ገደማ የተሠራው የውስጠኛው ቤተ መቅደስ ከነሁለቱ መቅደሶቹ ግድግዳ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይጠፋ ተገኝቷል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ስብስቤን እንደ አዲስ ሠራሁት። አሁን እያንዳንዱ ታይል ሁለት ፊት አለው፤ ፊቱ የቆመው ቤተ መቅደስ ነው፣ ጀርባው ከሥሩ የተቀበረው። ተጫዋቾቹ ግድግዳ ሲሰብሩ ወይም ጉድጓድ ሲወርዱ ታይሉ ይገለበጣል። ቀጥሎ ያለው የዚህ ስብስብ አሠራር ነው።

መጀመሪያ ልኩን ቁረጡ

አንድ ካሬ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ታይል 6 በ6 ካሬ ይሁን፤ ማለትም 15 በ15 ሴንቲ ሜትር። ተጫዋቾቹን የሚወክሉት ጠጠሮች አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ካሬው ውስጥ ልክ ይገባሉ። በጨዋታው ዓለም አንድ ካሬ 1.5 ሜትር ነው ብላችሁ ያዙ። ይህ ቁጥር በኋላ ሐውልቶቹን በትክክለኛ መጠናቸው ለመሣል ይጠቅመናል።

አንድ A4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ታይል አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጋችሁ ላስገባ ብትሉ 3 ሚሊ ሜትር ይጎድላችኋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ታይሉን ትንሽ ቀንሶ ሁለቱን የሚያስገባው፤ አታድርጉት። ካሬው ከ2.5 ካነሰ ጠጠሮቹ ይጋፋሉ። ይልቅስ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ታይልና አንድ ግማሽ ታይል አስገቡ። ግማሹ 15 በ7.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በጎን በሚተርፈው ጠባብ ቦታ በር፣ መሠዊያ፣ ቀንድ አውጣና ውሻ ይገባበታል፤ እነዚህን ተንቀሳቃሽ ቁራጮች ያለ እነሱ መጫወት እስኪያቅታችሁ ድረስ ትወዷቸዋላችሁ።

ጠርዙ ላይ አትቸኩሉ

ታይል ከታይል የሚገጥመው በጠርዙ ነው። ውስጡ የቱንም ያህል ቢያምር ጠርዙ ካልገጠመ ሥራው ከንቱ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ መካከለኞቹ ሁለት ካሬዎች ክፍት፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ሁለት ካሬዎች ግድግዳ ይሁኑ። ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ፣ 5 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ። እንዲህ ሲሆን የትኛውም ታይል፣ በየትኛውም አቅጣጫ ዞሮ፣ ከየትኛውም ጋር ይገጥማል። ቢገለበጥም ያው ነው፤ ክፍተቱ መሐል ላይ ስለሆነ ግራና ቀኙ ቢቀያየር ምንም አይለወጥም። ባለ ሁለት ፊት ታይል መሥራት የተቻለው በዚህ ነው።

ክፍተቱን ሁለት ካሬ ያደረግሁት ለውበት ብዬ አይደለም። ታላቁ ቤተ መቅደስ ጫፉ ላይ ሁለት መቅደስ፣ ፊት ለፊቱም ሁለት ጎን ለጎን የሚወጡ ደረጃዎች ነበሩት፤ አንዱ ለጦርነትና ለፀሐይ አምላክ ለዊትሲሎፖችትሊ፣ አንዱ ለዝናብ አምላክ ለትላሎክ። ባለ ሁለት ካሬው ክፍተት ደረጃውን ሁለት አድርጎ ለመሣል ይመቻል።

ግማሽ ታይሎቹ ላይ ረጅሞቹ ጠርዞች እንደ ሙሉው ክፍት ናቸው፤ አጫጭሮቹ ዝግ ይሁኑ። መዝጋት የምትፈልጉት በር ሲኖር ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የግድግዳ ቁራጭ ክፍተቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከእነዚህ ቢያንስ ስምንት ሥሩ።

ከመሣላችሁ በፊት ጠርዙን ብቻ በአንድ ባዶ ገጽ ላይ ሠርታችሁ አስቀምጡ፤ እያንዳንዱን ታይል ከዚያ እየቀዳችሁ ጀምሩ። ኢንክስኬፕ ወይም ጊምፕ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሁለቱም ይበቃሉ። በጊምፕ ከሠራችሁ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 15 ሴንቲ ሜትር 1772 ፒክስል ይሆናል። በእርሳስና በማስመሪያ የምትሥሉም ብትሆኑ ሕጉ አይለወጥም።

ቀለምና ጥላ

በታላቁ ቤተ መቅደስ ቅርጾች ላይ የተገኙት ቀለሞች አምስት ናቸው፤ ቀይ፣ የአፈር ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር። እነዚህን ብቻ ያዙ። አረንጓዴ የጫካ ሐረግ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ የወርቅ ብልጭልጭ ሁሉ ፈርሶ የተተወ ቤት ያስመስለዋል። የሜሺካ ቤተ መቅደስ በዘመኑ በኖራ ተለስኖ፣ በደማቅ ቀለም ተቀብቶ የሚያበራ ነበር። ድንጋዩ ራሱ ቴሶንትሌ ይባላል፤ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀላል፣ ቀላ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ልስኑ የተላጠበትን ቦታ ስትሥሉ ጠቆር ባለ ቀይ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አድርጉ፤ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ጥላን በተመለከተ፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን እንደሚመጣ አድርጋችሁ አትሣሉ። ታይሉ ይሽከረከራል። ዛሬ ከግራ የወደቀው ጥላ ነገ ከላይ ይወድቃል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች ሁለት ፀሐይ ያላቸው ይመስላሉ። ግድግዳው ወለሉን በሚነካበት ሁሉ፣ በአራቱም ወገን እኩል የሆነ ለስላሳ ጥላ ብቻ ይበቃል። ደረጃንም በጥላ ሳይሆን በመሥመር አሳዩ። ከታች ሰፋ ያሉ፣ ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ ትይዩ መሥመሮች ሥላችሁ የላይኛውን ጫፍ ፈካ አድርጉት። ዓይን ወዲያው ይረዳዋል።

የፊት ታይሎች

ዘጠኝ ሙሉ ታይል በቂ ነው። በሦስት በሦስት ደርድራችሁ፣ እያንዳንዱን እያሽከረከራችሁ፣ ሰሌዳውን በሙሉ ማዞርን እንደ አንድ ብትቆጥሩት እንኳ ከ23 ቢሊዮን በላይ የተለያየ ካርታ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥር ለማብዛት አትድከሙ፤ ዘጠኙን በደንብ ሥሩ።

የመጀመሪያው የደረጃው ግርጌ ታይል ነው። ከሁሉ አብልጬ የምወደውም እሱን ነው። በየካቲት 1978 በሜክሲኮ ሲቲ መሐል የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሲቆፍሩ አንድ ክብ ቅርጽ ድንጋይ አገኙ። የተቀረጸችበት ኮዮልሻውኪ ናት። ታሪኳ እንዲህ ነው። ኮአትሊኩዌ የምትባል እናት በኮአቴፔክ ተራራ ላይ ስትጠርግ የላባ ድብልብል ከሰማይ ወረደላት፤ አንሥታ ወገቧ ላይ ሸጎጠችው፣ በዚያው ፀነሰች። ልጇ ኮዮልሻውኪ ውርደት ነው ብላ አራት መቶ ወንድሞቿን አስከትላ እናቷን ልትገድል ዘመተች። እነሱ ተራራው ጫፍ ሲደርሱ ግን ዊትሲሎፖችትሊ ሙሉ ትጥቅ ለብሶ ተወለደ። በእሳት እባቡ እህቱን ቆራርጦ ከተራራው ወደ ታች ጣላት። ድንጋዩ የተገኘው በዊትሲሎፖችትሊ ወገን ባለው ደረጃ ግርጌ ነው፤ ልክ ተንከባልላ በወደቀችበት። ደረጃው ተራራው ነው፤ የሚወጣ ሁሉ እሷን አልፎ ይወጣል።

እንዴት ትሣላለች? ድንጋዩ 3.25 ሜትር ያህል ስፋት አለው። በእኛ ልክ ሁለት ካሬ ጥቂት አለፍ ይላል፤ 5.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሣሉ። የክቡ መደብ ቀይ፣ ገላዋ የአፈር ቢጫ፣ አጥንቷ ነጭ። ጭንቅላቷ፣ ክንዶቿና እግሮቿ ከገላዋ ተለያይተው በክቡ ውስጥ እየዞሩ እንዳሉ ሆነው ይቀመጡ፤ ጉንጯ ላይ ደወል አድርጉ፤ ስሟ ራሱ ጉንጯን በደወል የቀባች ማለት ነውና። ክቡ ከታይሉ በአንዱ ጠርዝ በኩል፣ ከክፍተቱ ትንሽ ገባ ብሎ ይቀመጥ። ከክቡ በላይ ያሉት ረድፎች ሁለቱ ደረጃዎች ናቸው። ፊታችሁን ወደ ደረጃው ስታዞሩ በቀኝ ያለው የዊትሲሎፖችትሊ ስለሆነ ቀይ፣ በግራ ያለው የትላሎክ ስለሆነ ሰማያዊ ዳርቻ ይኑረው። ግርጌው ላይ በግራና በቀኝ አፋቸውን የከፈቱ የእባብ ራሶች ይቀመጡ።

ሁለተኛው የጫፉ ታይል ነው፤ ሁለቱ መቅደሶች ጎን ለጎን። በቀዩ ፊት ለፊት የመሥዋዕቱ ድንጋይ፣ በሰማያዊው ፊት ለፊት ደግሞ ቻክሞል ይቀመጣል። ቻክሞል በጀርባው ተደግፎ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሆዱ ላይ ሳሕን የያዘ ሰው ቅርጽ ነው፤ ስጦታ ይቀመጥበታል። ለጨዋታ ከዚህ የተሻለ መሠዊያ አላገኘሁም፤ ተጫዋቾቹ ሳሕኑ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር የሚቀጥለውን በር ይወስናል።

ሦስተኛው የንስሮች ቤት ነው። ከታላቁ ቤተ መቅደስ ጎን የተገኘ ሕንጻ ሲሆን በግድግዳው ዙሪያ ተዋጊዎች በሰልፍ የተቀረጹበት አግዳሚ አለው። በመግቢያው ላይ ደግሞ የንስር ልብስ የለበሱ፣ በሰው ቁመት ከሸክላ የተሠሩ ሁለት ሐውልቶች ቆመው ነበር። አግዳሚውን ግማሽ ካሬ ስፋት ስጡት፤ ሁለቱን ሐውልቶች ተንቀሳቃሽ ቁራጭ አድርጋችሁ ሥሩ። በሚቀጥለው ዙር ቦታ ቀይረው ሲገኙ የተጫዋቾቹን ፊት ማየት ነው።

አራተኛው ክብ ክፍል ነው። ከሜክሲኮ ሲቲ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በማሊናልኮ እንደ ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ አለ። በሩ የተከፈተ የእባብ አፍ ነው፤ ምላሱ እንደ ምንጣፍ ደጁ ላይ ተዘርግቷል። ውስጡ ክብ ሲሆን በግድግዳው ዙሪያ ባለው አግዳሚ ላይ ሁለት ንስርና አንድ ጃጓር፣ ወለሉ መሐል ላይ ደግሞ ሌላ ንስር ተቀርጿል። ይህ ታይል አንድ መግቢያ ብቻ ይኑረው፤ ሦስቱ ጠርዞች የራሳቸው ግድግዳ አላቸው። በሕጉ ላይ የፈቀድኩት አንድ ልዩነት ይህ ነው። የመጨረሻው ፍልሚያ የሚደረገውም ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

አምስተኛው የራስ ቅል መደርደሪያ ነው፤ ጾምፓንትሊ ይባላል። በግራና በቀኝ ጎናቸው የተበሱ የራስ ቅሎች በአግዳሚ እንጨት ላይ የሚሰኩበት ነው። ትልቁ ከ2015 ጀምሮ በቁፋሮ ወጥቷል። ረድፎቹን እንደ አጥር ሣሉት፤ ጠጠሮች ከኋላው ይሸሸጋሉ። አንድ ብቻ ይበቃል። በየታይሉ ራስ ቅል መበተን የሌላውን ሕዝብ እምነት የማስፈራሪያ ጌጥ ማድረግ ነው። የሜሺካዎች ቋንቋ ናዋትል ዛሬም በሜክሲኮ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ይናገረዋል። የእነሱ አያቶች የጸለዩበትን ቤት ነው የምንሥለው።

ስድስተኛው የስጦታ ሣጥኖች ታይል ነው፤ ውድ ዕቃ ለሚሹ ተጫዋቾች። ሜሺካዎች በታላቁ ቤተ መቅደስ ወለል ሥር ስጦታ ይቀብሩ ነበር፤ እስካሁን ከ200 በላይ ተገኝቷል። በውስጣቸው የባሕር ዛጎል፣ ኮራል፣ የመጋዝ ዓሣ አፍንጫ፣ አዞ፣ ጃጓር፣ ዓይንና ጥርስ የተሠራላቸው የባልጩት ቢላዎች አሉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጥንታዊ ቅርስም መቅበራቸው ነው። የጥንታዊቷ ከተማ የቴኦቲዋካን ጭምብሎች፣ ከዚያም የሚቀድም የኦልሜክ ሕዝብ ጭምብል ተገኝቷል። ቴኦቲዋካንን ሜሺካዎች አልሠሩትም፤ ሲደርሱበት ፍርስራሽ ነበር። ስለዚህ ከሣጥኑ የሚወጣው ዕቃ ከሜሺካም የቆየ ሊሆን ይችላል። ወለሉ ላይ አንድ አንድ ካሬ የሆኑ አምስት ክዳኖች ሣሉ፤ አንዱን መሐል፣ አራቱን በአራቱ አቅጣጫ። ሜሺካዎች ዓለምን የሚያዩት አራት ማዕዘንና አንድ እምብርት ያላት አድርገው ነው።

የቀሩት ሦስቱ ቶሎ ያልቃሉ። አንዱ ከላይ ሲታይ የእንግሊዝኛውን ትልቁን I ፊደል የሚመስል፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሰፉ የኳስ ሜዳ ነው፤ ኳሱ ከጎማ የተሠራ ሲሆን በዳሌ ነው የሚመታው። ሌላው የነፋሱ አምላክ የኤሄካትል ክብ መሠዊያ ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ መሠዊያ የሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ ሲሠራ ወጥቶ ዛሬም በፒኖ ሱዋሬስ ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ይታያል። የመጨረሻው ባዶ አደባባይ ነው፤ ባዶ ተዉት። ግማሽ ታይሎቹ ላይ ቴኖችቲትላን ሐይቅ መሐል ያለች ደሴት ነበረችና ቦዮችንና ድልድዮችን ሣሉባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከቺቼን ኢትሳ የተቀዳ ፎቶ እያያችሁ አትሣሉ፤ እሱ ማያ የሚባል የሌላ ሕዝብ ሥራ ነው። ረጅም አፍንጫ ያለው የዝናብ ጭምብልም እንዲሁ። የሜሺካው ትላሎክ የሚታወቀው በዓይኖቹ ዙሪያ ባሉት ክብ ቀለበቶችና ወደ ታች በተንጠለጠሉት ጥርሶቹ ነው።

ጀርባው፦ ሚክትላን

ዘጠኙን ሙሉ ታይሎች ገልብጣችሁ አሮጌውን ቤተ መቅደስ ብቻ ብትሥሉ ጥሩ ስብስብ ይሆናል። እኔ ግን ዘጠኙን ጀርባዎች ለሚክትላን ሰጠኋቸው፤ ከተቀበረው በታች ያለው የሙታን ምድር ነውና። ቁጥሩም ራሱ ገጠመልኝ። በአንድ የቅኝ ግዛት ዘመን መጽሐፍ ላይ ከምድር ገጽ ጀምሮ ወደ ታች ዘጠኝ እርከን ተሥሏል፤ የምድር ገጽ፣ የውሃ መሻገሪያ፣ ተራሮች የሚጋጩበት፣ የባልጩት ተራራ፣ የባልጩት ነፋስ፣ ባንዲራዎች የሚውለበለቡበት፣ ሰው በቀስት የሚወጋበት፣ ልብ የሚበላበት፣ በመጨረሻም ጢስ መውጫ የሌለው የባልጩት ሙታን ቤት። ሙታኑ ይህን መንገድ ለመጨረስ አራት ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ታይሉ ላይ «ሲኦል» ብላችሁ አትጻፉ። እኛ ዘንድ ሲኦል ሲባል ቅጣት ይታሰባል። ሚክትላን ግን ኃጢአተኛ የሚቀጣበት አይደለም፤ በተራ ሞት የሞተ ሁሉ የሚሄድበት ነው። በጦር ሜዳ የወደቀና በወሊድ የሞተች ሴት ከፀሐይ ጋር ይሄዳሉ፤ ውሃ የበላው ወደ ትላሎክ ይሄዳል። የት እንደምትሄድ የሚወስነው አሟሟትህ ነው። ይህን ልዩነት የጨዋታው መሪ ከያዘው ታሪኩ በሙሉ ይቀየራል።

የውሃው ታይል ከዳር እስከ ዳር ሁለት ካሬ ስፋት ያለው ወንዝ ነው። የሚያሻግረው ውሻ ነው። ሦስት የውሻ ቁራጭ ሥሩ፤ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ። ነጩ «አሁን ነው የታጠብኩት» ብሎ እምቢ ይላል፤ ጥቁሩ «አሁን ነው የቆሸሽኩት» ይላል፤ የሚያሻግረው ቢጫው ብቻ ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሽማግሌዎች ተሰምቶ የተጻፈ ነው።

ለሚጋጩት ተራሮች 2.5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ በየዙሩ አንድ አንድ ካሬ ይቀራረባሉ፣ ሲነካኩ መልሰው ይራቃሉ። በነፋሱ ታይል ወለሉ ላይ የተሰባበረ ጥቁር ባልጩት ሣሉ፤ በየዙሩ ዳይስ ተጥሎ ጠጠሮች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አንድ ካሬ ይገፋሉ።

የመጨረሻውን ታይል ቀስ ብላችሁ ሥሩት። ኬትሳልኮአትል የሚባለው አምላክ ሰውን ዳግም ለመፍጠር የቀድሞዎቹን ሰዎች አጥንት ፍለጋ ወደ ሚክትላን ሲወርድ፣ የሙታኑ ጌታ ሚክትላንቴኩትሊ እንደ መለከት የሚነፋ አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሰጠውና «ይህን እየነፋህ ዙፋኔን አራት ጊዜ ዙር» አለው። ቀንድ አውጣው ግን ቀዳዳ አልነበረውም። ትሎች ቀዳዳውን በሱት፤ ንቦች ውስጡ ገብተው ጮኹለት። አጥንቱን ይዞ ሲሮጥ ግን ጉድጓድ ተቆፈረበት፤ ድርጭቶች አስደነገጡትና ወደቀ፤ አጥንቱ ተሰባበረ። ሰው ሁሉ በቁመት እኩል ያልሆነው በዚህ ነው ይላሉ።

ታይሉ ላይ መሐለኞቹን አራት ካሬዎች የጌታው ዙፋን አድርጉ። በዙሪያው ያሉት 12 ካሬዎች የሚዞሩበት መንገድ ናቸው፤ አራት ዙር 48 እርምጃ ነው። ቀንድ አውጣው እዚህ ይሰጣል፤ ትሎቹና ንቦቹ ግን በሌሎች ሁለት ታይሎች ላይ ተደብቀው በቁራጭነት ይገኛሉ። ሳያነሧቸው የመጡ ተጫዋቾች ተመልሰው ይወጣሉ። ከመውጫው ክፍተት ፊት ያሉት ሁለት ካሬዎች ደግሞ ጉድጓድ ናቸው፤ የጉድጓዱን ክዳን ቁራጭ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ተጫዋቾቹ አጥንቱን እስኪይዙ ድረስ አይነሣም።

ማተምና መቁረጥ

ማተሚያ ቤት ከሄዳችሁ «መቶ በመቶ፣ ከወረቀቱ ጋር ሳይስማማ» በሉ፤ አንድ ገጽ ብቻ አሳትማችሁ እዚያው በማስመሪያ ለኩ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልለካ ሙሉውን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ታይሉ 14.55 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ማሽኑ በ97 በመቶ አትሞት ነበር። ያን ቀን የገዛሁት ወረቀት በሙሉ ባከነ።

የፊቱን ወረቀት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጠንካራ ካርቶን ላይ በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፉ። ኮላውን በትንሽ ውሃ አቅጥናችሁ በሰፊ ብሩሽ በስሱ ቀቡ፤ ከመሐል ወደ ዳር በጨርቅ እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁበት አሳድሩት። በማግሥቱ በብረት ማስመሪያና በአዲስ ከተር 15 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ለመበጠስ አትጫኑ፤ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ደጋግሙት፤ ሥሩ ሌላ ካርቶን አንጥፉ።

ጀርባው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑረው። ታይሉን ገልብጣችሁ ወረቀቱ መሐል ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ካሬዎቹ ከጠርዙ ጋር መስመራቸውን አረጋግጡ፤ ለጥፉት፤ ሲደርቅ ትርፉን ላጩት። በአንድ ወገን ብቻ የተለጠፈ ካርቶን ሲደርቅ ይጎብጣል፤ ሁለቱም ወገን ወረቀት ሲኖረው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ነጭ ሆነው የሚታዩትን የካርቶን ጠርዞች በጥቁር ማርከር ቀቡ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ታይሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን መጋጠሚያው ከዓይን ይጠፋል።

በኮምፒውተር ለምትጫወቱ ደግሞ ያንኑ ሥዕል 840 በ840 ፒክስል አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ለአንድ ካሬ 140 ፒክስል ይሆናል።

ጠረጴዛ ላይ

ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፉ፤ ታይሎቹ አይንሸራተቱም። መጀመሪያ የደረጃውን ግርጌ አስቀምጡና ተጫዋቾቹ ሌላ ክፍል በገቡ ቁጥር አንድ አንድ ታይል ጨምሩ። ወደ ታች የሚያስገባውን መንገድ ሲያገኙ የቆሙበትን ታይል ጠጠሮቹን አንሥታችሁ ገልብጡ፤ ጠጠሮቹን በነበሩበት ካሬ መልሱ። ከዚያ በኋላ የሚገቡባቸው ክፍሎች ሁሉ በጀርባቸው ይቀመጣሉ። አጥንቱን ይዘው ሲወጡ በተቃራኒው፣ ከኋላቸው ያለውን ታይል አንድ በአንድ ወደ ፊቱ መልሱት።

ሲያበቃ ታይሎቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ አቁማችሁ አስቀምጡ። ሦስቱን ውሾችና ቀንድ አውጣውን ለብቻቸው በትንሽ ፖስታ ያዙ፤ እነሱ ናቸው የሚጠፉት።